መጀመሪያ ካቡ፣ ከዚያ ችግኙ፦ የጎጃም የደብር ደኖችና አራዊታቸው

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በእንጅባራና በደንበጫ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ የሚጓዝ ሰው፣ ከጤፉና ከበቆሎው ማሳ መካከል እዚህም እዚያም ጠቆር ያለ አረንጓዴ ቦታ ያያል። ባሕር ዛፉን ትቶ አገር በቀሉን ብቻ ቢፈልግ፣ ጽዱ፣ ወይራው፣ ዋንዛውና ሾላው አንድ ላይ የቆመበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ደብር ነው። በጎጃም ደጋና ወይና ደጋ ከጥንቱ ደን የተረፈው በአመዛኙ በየደብሩ ዙሪያ ያለው ይኸው ዐጸድ ነው። መለዮ የለበሰ ስካውት የለውም፣ በብሔራዊ ፓርክነትም አልተመዘገበም፤ ግን ለጉሬዛው፣ ለድኩላው፣ ለጥርኙና ለጥንብ አንሳው በብዙ ቦታ ከዚህ ሌላ መጠለያ የላቸውም።

ደኑን እስከ ዛሬ ያቆየው እምነት ነው። ዐጸድ የሌለው ቤተ ክርስቲያን እርቃኑን እንደቆመ ሰው ይቆጠራል፤ ከዚያ ዛፍ የቆረጠ ይወገዛል። በጣና ዳር ያለው የዘጌ ትውፊት ከዚህም ይጠነክራል፤ አቡነ በትረ ማርያም ምድሩ በበሬ እንዳይታረስ፣ ከብትም እንዳይረባበት አዘዋል ተብሎ ስለሚታመን፣ ሕዝቡ በደኑ ጥላ ሥር ቡና እያለማ ኖሯል። ጣናና ዙሪያው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ክልል ሆኖ ሲመዘገብ ዘጌም በውስጡ ነበረች።

ውግዘት መጥረቢያን ያስቆማል፤ ጥጃንና ፍየልን ግን አያስቆምም። በዘጌ የከብቱ ነገር ከጥንት ስለታሰበበት ደኑ ከከብት ጥርስ ሲተርፍ፣ በሌላው ጎጃም ብዙ ደብር ላይ ግን ትልልቁ ዛፍ ተከብሮ ቆሞ፣ ከሥሩ የሚበቅለው ሁሉ በየዓመቱ ይጋጣል። እንዲህ ያለ ደን ከሩቅ ሲያዩት ጤነኛ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ዛፎች በየተራ ሲወድቁ ግን የሚተካቸው የለም። ስለዚህ በየክረምቱ ችግኝ ለመትከል የሚሯሯጡትን ሁሉ የምንለምነው አንድ ነገር ነው፦ ደኑን የሚያጥረው የድንጋይ ካብ ሳያልቅ ችግኝ አትትከሉ።

ደኑ እያረጀ መሆኑን ማወቂያው ቀላል ነው። የአሥር ሜትር ገመድ ይዛችሁ ግቡና 10 በ10 ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ለኩ። በውስጡ ያለውን አገር በቀል ዛፍ በሦስት ከፍላችሁ ቁጠሩ፤ ከጉልበት በታች፣ ከጉልበት እስከ ደረት፣ ከደረት በላይ ሆኖ ግንዱ ከሰው ክንድ የማይወፍር። አምስት ሄክታር ለሚሆን ደን አሥር ቦታ ይበቃል፤ ግማሹ ከጠርዙ አጠገብ፣ ግማሹ ከመካከሉ ይሁን። ከጉልበት በታች ብዙ ተገኝቶ ከጉልበት እስከ ደረት ያለው ከጠፋ፣ ዘሩ ይበቅላል ግን ይበላል ማለት ነው፤ መድኃኒቱ ካብ ነው። ከጉልበት በታችም ምንም ከሌለ ወይ እናት ዛፉ የለም፣ ወይ መሬቱ በኮቴ ደድሯል፣ ወይ ዘሩን የሚያመላልሰው እንስሳ ጠፍቷል፤ ያ ከካብ በላይ ሥራ ይጠይቃል።

ይህ በግምት የሚነገር አይደለም። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከጎረቤታችን ከደቡብ ጎንደር 28 አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ 168 ዓይነት እንጨታማ ተክሎችን መዝግቧል፤ ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ ማለት ነው። ያው ጥናት አፈሩን ወስዶ ሲመረምር ግን የአብዛኞቹ ዛፎች ዘር በአፈሩ ውስጥ ተቀምጦ አልተገኘም። የአረም ዘር በአፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፤ የደን ዛፍ ዘር ግን ወይ በወደቀበት ዓመት ይበቅላል፣ ወይ ይበላል፣ ወይ ይሞታል። እናት ዛፉ ከወደቀች በኋላ መሬቱን ቢያጥሩት ያ ዘር ከየትም አይመጣም። ከብት በተከለከለባቸው ቦታዎች ደግሞ የችግኙ መብቀልም መትረፍም ካልተከለሉት በግልጽ ይበልጥ ነበር።

ስለ ካቡ

መጀመሪያ ልኩን እናስላ። ክብ የሆነ አምስት ሄክታር ደን ዙሪያው 800 ሜትር ያህል ነው። አንድ ሄክታር ብቻ የሆነው ደግሞ 350 ሜትር ይፈጃል። ትንሹ ደን በሄክታር ሲሰላ ከእጥፍ በላይ ካብ ይፈልጋል፤ ጉዳቱም እንደዚያው ይበዛል። ነፋስና ፀሐይ ከጠርዙ 20 ሜትር ወደ ውስጥ ያደርቃሉ ብንል፣ ከአንድ ሄክታሩ ደህና ሆኖ የሚቀረው ከግማሽ በታች ሲሆን ከአምስት ሄክታሩ ግን 70 በመቶው ይተርፋል። ስለዚህ ካቡ ከዛፎቹ ጫፍ ሥር ተጠግቶ መሠራት የለበትም። የአምስት ሄክታሩን ካብ 10 ሜትር ወደ ውጭ ብናወጣው የሚጨምረው 63 ሜትር ካብ ብቻ ነው፤ የሚገኘው ቦታ ግን 0.8 ሄክታር፣ ከሦስት ጥማድ በላይ ነው። ያ ባዶ ቀለበት የነገው ደን የሚበቅልበት ነው፤ ጽድና ወይራ ብርሃን ስለሚወዱ ከጥላው መካከል ይልቅ እዚያ ይሳካላቸዋል። ዙሪያው የገበሬ ማሳ ከሆነ ግን ሦስት ጥማድ ከሰው ላይ መውሰድ ሰላም አያመጣም። የወል ግጦሽ ወይም የደብሩ የራሱ መሬት ባለበት በኩል ወጣ አድርጉት፤ ማሳ ባለበት በኩል ድንበሩን ጠብቁ።

ካቡ ከመጀመሩ በፊት ሰበካ ጉባኤው፣ ቄሰ ገበዙ፣ አዋሳኝ ገበሬዎችና የቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ አብረው ድንበሩን ይዙሩ፤ ችካል ይመታ፣ ቃለ ጉባኤ ይፈረም። የደብሩ ይዞታ በደብተር ካልሰፈረ ከካቡ በፊት እሱ ይቅደም። ይህ ያልተደረገበት ካብ ድንበር የመግፋት ክስ ያስነሣል፣ ሌሊትም ይፈርሳል።

ሲሚንቶ አያስፈልግም። ደረቅ ካብ ውሃ ያሳልፋል፤ ሲናድም የሰፈሩ ሰው በእጁ ይጠግነዋል። መሠረቱ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል፣ ልል አፈሩ ተነሥቶ ጠንካራው እስኪገኝ ይቆፈራል። ታች 80 ሳንቲ ሜትር፣ ላይ 50፣ ቁመቱ 1.30 ሜትር ቢሆን በሬም አህያም አይሻገረውም። በዚህ ልክ ለአንድ ሜትር ካብ ከ0.8 ሜትር ኩብ በላይ ድንጋይ ይገባል፤ ለ800 ሜትሩ ወደ 680 ሜትር ኩብ መሆኑ ነው። መሬቱ መረሬ ከሆነ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ እዚያ ላይ የታችኛውን ስፋት ወደ አንድ ሜትር ማሳደግ ያስፈልጋል።

ሁለቱ ፊት ለየብቻ ይካብና መካከሉ በትናንሽ ድንጋይ ይጠቀጠቃል፤ በአፈር አይሞላ፣ አፈሩ ሲርስ ይገፋዋልና። በየ60 ሳንቲ ሜትር ቁመት ከፊት እስከ ኋላ የሚደርስ ረጅም ድንጋይ ይጋደማል። ይህ አያያዥ ድንጋይ ያልገባበት ካብ ከአንድ ሁለት ክረምት በኋላ ሆዱን ነፍቶ ይናዳል። በዝቅታው ሁሉ 25 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የውሃ መውጫ ይተው። ብዙ ካብ የሚፈርሰው በከብት ሳይሆን መውጫ ባጣ በሐምሌ ጎርፍ ነው። ቀዳዳው ሌላም ጥቅም አለው፤ ጥርኝ፣ ጃርትና ጥንቸል ይሾልኩበታል፣ ያደገ በግ ግን አያልፍበትም። ድኩላና ሚዳቋ ካቡን ይዘሉታል።

ድንጋዩ ከአዋሳኝ ማሳዎች ይልቀም። ገበሬው ማረሻውን የሚሰብር ድንጋይ ይነሣለታል፣ ደብሩም ካብ ያገኛል፤ በደቦ ለመሥራትም ሰው በደስታ የሚወጣው ለዚህ ነው። ከደኑ ውስጥ ግን አንድም ድንጋይ አይነሣ። የድንጋይ ጥግ እርጥበት ይይዛል፣ ችግኝ የሚተርፈውም ብዙ ጊዜ እሱን ተጠግቶ ነው። ከወንዝ ዳር መልቀምም ቦረቦር ይጀምራል።

ፍየል ካብ ላይ ይወጣል። ለእሱ ከላይ የቀጋ ወይም የግራር እሾህ ይደርደር፤ ከውስጥ በኩል ደግሞ ቀጋ፣ አጋምና ኮሽም በካቡ ጥግ ይተከል። ሦስቱም እሾሃቸው አጥር፣ ፍሬያቸው የወፍ ምግብ ነው።

በር ከሁለት አይብለጥ፤ በር በበዛ ቁጥር ክፍት ሆኖ የሚያድረው ይበዛል። ለንግሥ የሚመጣው ሰው በቅሎውንና አህያውን ይዞ ነው፤ ማሰሪያው ከካቡ ውጭ፣ ጥላና ውሃ ባለበት ካልተዘጋጀ በአንድ ቀን በዓል የዓመት ችግኝ ያልቃል። በሁለቱ በሮች መካከል አንድ መንገድ ይኑር፤ አቋራጩ ሁሉ በእሾህ ይዘጋ።

ከሁሉ የሚከብደው የጎረቤት ከብት አይደለም፣ የደብሩ አገልጋዮች የራሳቸው ከብት ነው። ካህኑ ጥጃውን ዐጸዱ ውስጥ አስሮ ሌላውን ገበሬ ሊከለክል አይችልም። ሣሩ ዝም ብሎ ደርቆ እንዲቀርም አንመክርም፤ ለእሳት መንገድ ይሆናል፣ ሰዉንም ያስከፋል። ዘሩ ከረገፈ በኋላ፣ በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር፣ በተራ እየታጨደ ከብት ወዳለበት ቤት ይወሰድ። ከአጨዳው በፊት ግን አንድ ሰው ዞሮ ችግኞቹን ሁሉ በእንጨት ምልክት ያድርግባቸው። ማጭድ ችግኝና ሣር አይለይም፤ ከብት ከልክለው በማጭድ የጨረሱት ደኖች አሉ።

ባሕር ዛፍና ማገዶ

ባሕር ዛፍን መርገም አይጠቅመንም። ለደብሩ ገቢ ነው፤ ለድግሱና ለተዝካሩ ማገዶ እሱ ባይኖር ወይራውና ጽዱ ይቃጠሉ ነበር። የሚጎዳው ከዐጸዱ ውስጥ ሲገባ ነው። ትልቅ ዛፍ በወደቀበት ክፍት ቦታ ላይ ባሕር ዛፍ ከተተከለ ያ ቦታ ለአገር በቀሉ በቀላሉ አይከፈትም፤ ሲቆረጥ ከጉቶው እያቆጠቆጠ ስለሚመለስ አንድ ጊዜ መቁረጥም አያጠፋውም። ከካቡ ውጭ፣ ቢያንስ 20 ሜትር ርቆ፣ ከምንጭም ርቆ ለብቻው ይተከል። ከውስጥ ያለው ከተቆረጠ በኋላ ቡቃያው በየዓመቱ ሁለት ጊዜ፣ ለሁለት ሦስት ዓመት ይመልመል።

በአዊ ፋግታ ለኮማ ገበሬው ደከረንስ የተባለውን ግራር ተክሎ፣ ከሰል አክስሎ ብዙ ኑሮ ቀይሯል፤ በአገር በቀሉ ላይ የነበረውንም ጫና አቅልሏል። ግን አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ የሸፈነው አገር በሽታ ሲገባው ምን እንደሚሆን ያው ደከረንስ በቅርብ ዓመታት በዋግ ሲመታ ታይቷል። ለማገዶ የሚተከለውም ቢቀላቀል ይሻላል።

የአብነት ተማሪዎች ጎጆ በብዙ ደብር ከዛፉ ሥር ነው። ቁራሽ ለምኖ ለሚማር ልጅ ደረቅ እንጨት አትልቀም ማለት ግፍ ነው። ደብሩ ከባሕር ዛፉ ለተማሪዎቹ ድርሻ ይመድብላቸው፤ እነሱም የደኑ ጠባቂዎች ይሁኑ። ቀን ከሌሊት እዚያው ያሉት እነሱ ናቸው።

ችግኙ

ካቡ ካለቀ በኋላ የመጀመሪያውን ክረምት ምንም አትትከሉ። ምን በራሱ እንደሚመጣ እዩ፤ ብሳናው ቀድሞ ይበቅላል፣ ከሥሩ ሌላው ይከተላል። ቀድሞ የገባ ዶማ ይህንን በራሱ የሚበቅለውን ይነቅላል። ቁጥቋጦውንም «ለማጽዳት» አትመንጥሩ፤ የወይራ ችግኝ የሚያድገው በአጋሙ እሾህ ተከልሎ ነው። በሁለተኛው ዓመት የጎደለውን ዓይነት ብቻ ለይታችሁ ትተክላላችሁ።

ዘር ስትለቅሙ በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት ነገር ጽድ፣ ዝግባና ኮሶ ወንዱና ሴቷ ለየብቻ ዛፍ መሆናቸው ነው። የጽድ ሴቷ ሰማያዊ መሳይ ጥቁር ፍሬ ትይዛለች፣ ወንዱ በቅርንጫፉ ጫፍ ቢጫ ዱቄት ብቻ አለው። የኮሶ ሴቷ አበባ ቀላ ያለው፣ ለመድኃኒትነት የሚፈለገው ነው። በአንድ ደብር ሦስት ዝግባ ቆሞ ሦስቱም ወንድ ከሆኑ፣ ወይም ሴት ሆነው በአካባቢው ወንድ ከሌለ፣ ካብም ጾምም ጸሎትም ዘር አያመጣም፤ ከሌላ ደብር ዘር መለዋወጥ ግድ ነው። ለዚህም የቅርብ፣ ተመሳሳይ ከፍታ ያለው ደብር ይመረጥ፤ የቆላ ዘር በደጋው በሰከላ ወረዳ ብርድ አይጸናም። ዘሩም ከአንድ ዛፍ ሳይሆን ቢያንስ ከአምስት፣ ቢቻል ከአሥር እናት ዛፎች ይቀላቀል።

ጥቁር እንጨት ለየት ያለ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ዝርዝር ለመጥፋት ከተጋለጡት አንዱ ነው፤ ልጡ ለመድኃኒት ስለሚፈለግ ንግዱ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። ዘሩ ድርቀት አይችልም። እንደ ሌላው ዘር በፀሐይ አስጥቶ፣ በማዳበሪያ ጆንያ አስቀምጦ ለሚያዝያ ያቆየ ሰው የሞተ ዘር ነው የሚዘራው። ፍሬው ሲጠቁር ይለቀም፣ ሥጋው በውሃ ይታሸ፣ በጥላ ውሃው ብቻ ይጠፈፍ፣ በዚያው ሳምንት ይዘራ።

የወይራ ዘር በድንጋይ ቅርፊት ውስጥ ስላለ ሳይሰበር ከተዘራ ለወራት ያስጠብቃል፤ ፍሬው ሳይደቅ ቅርፊቱ ብቻ እንዲሰነጠቅ ቀስ ተብሎ ይመታ። ዝግባም ቅርፊቱ ጠንካራ ነው፣ ያዘገያል። የኮሶ ዘር እጅግ ደቃቅ ስለሆነ በጥልቁ ከተቀበረ አይወጣም፤ በአሸዋ ላይ ተነስንሶ በስሱ ይሸፈን፣ ውሃውም በወንፊት መሳይ ማጠጫ ይሁን። ዋንዛ ዝልግልግ ሥጋውን ካላጠቡለት ይሻግታል።

ለከረጢቱ የሚሆነው አፈር ሦስት እጅ የአካባቢ አፈር፣ ሁለት እጅ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ነው። ከረጢቱ ስፋቱ 10፣ ርዝመቱ 20 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል። ከወር በላይ ሳይነሣ ከቆየ ሥሩ ከታች ወጥቶ መሬት ይይዛል፤ በየሦስት ሳምንቱ እየተነሣ የወጣው ሥር በምላጭ ይቆረጥ። ዋንዛና ብርብራ በአምስት ስድስት ወር ሲደርሱ ጽድና ዝግባ ዓመት ይፈልጋሉ። የ«ዘንድሮ ዘርተን ዘንድሮ እንትከል» ዘመቻ ሁልጊዜ ባሕር ዛፍና ግራቪሊያ ብቻ የሚያስተክለው ለዚህ ነው።

ጉድጓዱ በግንቦት ይቆፈር፣ 40 ሳንቲ ሜትር በሦስቱም በኩል። የላይኛው አፈር ለብቻ፣ የታችኛው ለብቻ ይከመር፤ ሲተከል የላይኛው ወደ ታች ይገባል። ዝናቡ ከጸና በኋላ፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ይተከል። በነሐሴ መጨረሻ የተተከለ ሥሩ ሳይዘልቅ ዝናቡ ስለሚያበቃ ጥር ላይ ይደርቃል። ፕላስቲኩ ሙሉ በሙሉ ይነሣ፤ የተጠማዘዘ ሥር ካለ ይቆረጥ። ጥቁር እንጨት ከፊል ጥላ ሥር፣ ጽድና ወይራ ክፍት ቦታ ላይ፣ ኮሶ በደጋው። የሁለት ሜትር ተኩል ርቀት ይበቃል፣ ግን በመሥመር አትትከሉ፤ ያለው ዛፍ የተወውን ክፍት ቦታ ተከተሉ። በመስከረም ዙሪያው አንድ ክንድ ያህል ታርሞ በደረቅ ሣር ይሸፈን፤ ሣሩ ግንዱን አይንካ፣ ምስጥ ይጠራል።

አራዊቱ

ከላይ የተባለው ሁሉ ለእንስሳቱ ነው፤ እንስሳቱም ለደኑ ናቸው። ሾላውን፣ ዶቅማውን፣ እሸውን፣ ዝግባውን ከቦታ ቦታ የሚዘሩት ወፎች፣ የሌሊት ወፎች፣ ጦጣና ጥርኝ ናቸው። ጥርኝ ኩሱን ደጋግሞ በአንድ ቦታ ይጥላል፤ እዚያ ቦታ ላይ ከሌላው ይልቅ የዘር ክምር ይገኛል። ሽታው ቢያስቀይምም ያን ቦታ አትንኩት።

ጉሬዛን ከጦጣ ጋር አንድ አድርጎ ማሳደድ ትልቅ በደል ነው። ጦጣ በቆሎ ይበላል፣ ገበሬውም እውነት አለው፤ በእሸት ወቅት ጠባቂ ያስፈልጋል። ጉሬዛ ግን በዋነኛነት ቅጠል በል ነው፤ ሆዱም ቅጠል አብላልቶ ለመፍጨት የተከፋፈለ ነው። እንግዳ የሚሰጠው ዳቦና ብስኩት ያን ሆድ ያሳምማል፤ በሩ ላይ «አትመግቡ» ተብሎ ይጻፍ። ከሦስት እስከ አሥራ አምስት ሆኖ በቡድን ይኖራል፣ ግልገሉም ሲወለድ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው፤ በቆጠራ ጊዜ ነጩ ግልገል ለብቻ ይመዝገብ፣ ቡድኑ እየተተካ መሆኑን የሚነግረው እሱ ነው። የሚቆጠረው ንጋት ላይ ነው፤ ጮኾ ድምፁን ያሰማል፣ ከዚያ ከዛፉ ጫፍ ፀሐይ ይሞቃል። ሁለት ሰው በሁለት በኩል ቆሞ፣ ለየብቻ ቆጥሮ ያስተያይ፤ በተመሳሳይ ወር፣ ቅጠሉ ሳሳ በሚልበት በጋ፣ ለሦስት ተከታታይ ጠዋት።

የጉሬዛ ችግር ደኑ ደሴት መሆኑ ነው። ወጣቱ ወንድ ቡድኑን ለቆ ሌላ ደብር ለመድረስ ባዶ ማሳ ያቋርጣል፤ እዚያ ውሻ ይጠብቀዋል። መፍትሔው ከደን ደን የሚያገናኝ ተከታታይ የዛፍ መሥመር ነው፤ ከሁሉ የሚቀለው የወንዙ ዳር ነው። ከወንዙ ግራና ቀኝ አሥር አሥር ሜትር ሳይታረስ ቢተውና ሾላ፣ ዶቅማ፣ ቀውት ቢተከልበት ለገበሬው ማሳውን ከመቦርቦር ያድንለታል፣ ለጉሬዛው መሻገሪያ ይሆናል።

ደርቆ የቆመ ዛፍ ለማገዶ አይቆረጥ። ትልቅ ምንቃር ያለው፣ በዘጌ ድምፁ ከሩቅ የሚሰማው ጉንጨ ብርማ ወፍ የሚፈለፍለው በግንድ ዋሻ ውስጥ ነው፤ ሴቷ ገብታ በሩን በጭቃ ትደፍናለች፣ ወንዱ በቀረችው ጠባብ ስንጥቅ ለወራት ይቀልባታል። ያን ግንድ የጣለ ሰው እናቲቱንም ጫጩቱንም ጨርሷል። ለሰው መንገድ የሚያሰጋ ከሆነ ጫፉ ብቻ ይቆረጥና ግንዱ ይቁም።

ጥንብ አንሳ ላይ ያለው አደጋ ደግሞ መርዝ ነው። በየከተማው ቄራና ቆሻሻ ዙሪያ የምናየው ትንሹ ጥንብ አንሳ በ2015 እ.ኤ.አ. እጅግ በከፋ የመጥፋት አደጋ ላይ ወዳሉት ዝርዝር ወርዷል። ለባለቤት አልባ ውሻ ወይም ለጅብ ሥጋ ላይ የሚደረግ መርዝ የበላውን እንስሳ ገድሎ አያበቃም፤ ሬሳውን የበላውም ይሞታል፣ አንድ ሬሳ ብዙ ጥንብ አንሳ ይጠራል። መርዝ ከተደረገ ሬሳው በዚያው ቀን በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር ወይም ይቃጠል፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን መርዙን መተው ነው። ለጅብ የሚበጀው በረቱን ማጥበቅ ነው፣ በተለይ በዐቢይ ጾም። በትግራይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው እርዱ ሲቆም ጅቡ ወደ አህያ ይዞራል፤ እኛም ጋ በሁዳዴ አህያ ውጭ ማሳደር ለጅብ መጋበዝ ነው።

ጎጃም አንድ አውሬዋን አጥታለች። ቀይ ቀበሮ በጮቄ ተራራ ይኖር ነበር፤ ዛሬ የለም። አይጥና ፍልፈል እያደነ በጓሳ ሣር የሚኖር ነው፤ እርሻና ግጦሽ ወደ ላይ ሲወጣ የሚታደነውም መኖሪያውም ይጠፋል፣ አብሮ የሚወጣው ውሻም የእብድ ውሻ በሽታ ያመጣል። ስለዚህ በጮቄ ግርጌም ሆነ በዐጸዱ ዙሪያ ያሉ ውሾችን በየዓመቱ ማስከተብ ለሰውም ለአውሬም ነው። ያለ ፈቃድ ማደን በአዋጅ የተከለከለ መሆኑም በሰንበት ስብከት መካከል አንድ ጊዜ ቢነገር ጥሩ ነው፤ በጎጃም ገጠር ሕግ ከወረዳ ይልቅ ከዐውደ ምሕረት ሲነገር ይሰማል።

በሦስተኛው ዓመት የመጀመሪያዎቹን አሥር አራት ማዕዘኖች በዚያው ቦታ ደግማችሁ ቁጠሩ፤ ለዚህ ሲባል ማዕዘናቸው ላይ ቀድሞ ድንጋይ ይቀበር። ከጉልበት እስከ ደረት ያለው ካልጨመረ ከችግኝ ጣቢያው በፊት በሩን መርምሩ። ጠዋት ላይ እበት ከተገኘ ሌሊት እየተከፈተ ነው። እበት ሳይኖር ጫፉ ብቻ በአግድም የተቀነጠሰ ከሆነ ድኩላ ሳይሆን አይቀርም፤ ያን ተዉለት፣ ችግኙ ከአጋሙ ጥግ ሲሆን ይተርፋል።